የፍየሏ ምስክርነት፤ የዛፍ ቅጠል መኖ ታሪክ በምሥራቅ አፍሪካ

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይላል አማርኛ ተናጋሪ፣ ገና ከመግባቱ እጁን የሚሰድ ችኩል ሰው ሲያጋጥመው። ተረቱ የተነገረው ፍየሏን ለመንቀፍ ቢሆንም በውስጡ አንድ እውነት አለ፤ ፍየል ቅጠል ታውቃለች። ከአሥር ዓይነት ቁጥቋጦ መካከል የትኛውን መቅጠፍ፣ ከየትኛው ጫፉን ብቻ ቀምሳ ማለፍ እንዳለባት ትለያለች። የሚያግዳትም ሰው እርሷን ሲከተል ኖሮ የቅጠሉን ዋጋ ከእርሷ ተምሯል።

እ.ኤ.አ. በ2006 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኬንያ የባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ የመጡ የኢልቻሙስ አርብቶ አደሮች አንዲት ፍየል ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ፍየሏ ጥርስ አልነበራትም። የተከሰሰው መንግሥት ነበር፤ የክሱ መነሻ ደግሞ በበጎ ሐሳብ ወደ አካባቢው የገባ አንድ ዛፍ። ቅጠል የምታውቀው እንስሳ ዛፍ ጥርሷን አሳጥቷት ከዳኛ ፊት እስከ መቆም እንዴት ደረሰች? መልሱን ለማግኘት ዛፍን እንደ መኖ የማየት ልማድ በዚህ ክፍለ ዓለም ያለፈበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ሣር ሲያልቅ

የምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢ ዓመቱን የሚከፍለው በሁለት ነው፤ ሣር ባለበትና ሣር በሌለበት። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሣሩ ሲገረጣ ከቀለሙ ጋር ምግብነቱም አብሮ ይሄዳል። ለምለም ሳለ በቅጠሉ የነበረው ፕሮቲን ወደ ዘሩና ወደ ሥሩ ይሸሻል፤ ለከብቱ የሚቀረው ደረቅ አገዳ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ከብቱ አዝመራው እንደተሰበሰበ ወደ ማሳው ይለቀቃል፤ ቃርሚያው ሲያልቅም የጤፍና የገብስ ጭድ ይቀርብለታል። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይሠራም። በውስጡ ያለው ፕሮቲን እንደ ሰብሉ ዓይነት ከመቶ ከ3 እስከ 6 ያህል ብቻ ነው።

ዛፍ ግን ሥሩ ጥልቅ በመሆኑ ሣሩ ካጣው እርጥበት ይደርሳል። በበጋም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ የብዙዎቹ የመኖ ዛፎች ቅጠል ደግሞ ከመቶ ከ15 እስከ 25 ፕሮቲን ይይዛል። ይህን ቁጥር አርሶ አደሩ አላወቀውም፤ ውጤቱን ግን በላሙ ጡትና በበሬው ትከሻ ላይ ሲያየው ኖሯል። የወለደች ላም ወተቷ ሲቀንስ የዋንዛና የሾላ ቅርንጫፍ ይመለመልላታል፤ ወይራና ግራዋ ይቆረጥላታል። ቀርከሃ በሚበቅልበት አገር የቀርከሃ ቅጠል፣ በደቡብ ደግሞ የእንሰት ቅጠል የበጋውን ክፍተት ይሞላል። ፍሩሽካና ፋጉሎ ከገበያ መግዛት ባልተለመደበት ዘመን አተላና ቅጠል ነበሩ የላሟ ድጎማ።

በሐረርጌ ደጋ ገበሬዎች በማሽላ ማሳቸው መካከል ሆን ብለው የሚጠብቁት አንድ የግራር ዝርያ አለ። በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና ይባላል። የዚህ ዛፍ ጠባይ ከሌሎች ተቃራኒ ነው። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በጋ ሲሆን ይለመልማል። ስለዚህ ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት ፀሐይ አይጋርድበትም፤ ከብቱ በሚራብበት ወቅት ደግሞ ቅጠሉንና ፍሬውን ያቀርባል። የረገፈው ቅጠልና ከጥላው ሥር የሚያርፉት ከብቶች ፋንድያ መሬቱን ያዳብራሉ። በ1980ዎቹ በሐረርጌ የተደረገ ጥናት በዛፉ ሥር የበቀለ ሰብል ከዛፉ ርቆ ከበቀለው ከግማሽ በላይ ብልጫ ያለው ምርት እንደሚሰጥ አረጋግጧል። ጥናቱ ያረጋገጠው ገበሬው ዛፉን ሳይቆርጥ ለትውልድ በማቆየት አስቀድሞ የተናገረውን ነው።

በሰሜን ምዕራብ ኬንያ ደግሞ ቱርካናዎች ዛፍን በባለቤትነት ሥርዓት አስረውታል። በወንዞች ዳርቻ የበቀሉት ግራሮች ለእንግዳ ዓይን የዱር ዛፎች ናቸው። እያንዳንዱ ቁራሽ ግን «ኤክዋር» ተብሎ የሚታወቅ፣ የአንድ ቤተሰብ የመጠቀም መብት የጸናበት የበጋ መጠባበቂያ ነው። በደረቁ ወራት የሚረግፈውን የግራር ፍሬ ለፍየሎቹ የሚሰበስበው ያ ቤተሰብ ነው፤ ሌላው ሳያስፈቅድ ቢገባበት ጠብ ይነሣል። ከ1992 ወዲህ በካኩማ መጠለያ የሰፈሩት፣ ኢትዮጵያውያንንም የሚጨምሩት ስደተኞች ለማገዶ እንጨት ሲወጡ ከቱርካናዎች ጋር ለመጋጨታቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ስደተኛው የሚያየው ባለቤት የሌለው እንጨት ነው፤ ቱርካናው የሚያየው ግን የፍየሎቹን የመጋቢት መኖ ነው።

የሣር ሰዎች

የቅኝ አገዛዝ ባለሥልጣናት ወደ አካባቢው ሲመጡ ይዘውት የመጡት የግጦሽ ሐሳብ ሣር የተነጠፈበት መስክ ነበር። በእነርሱ ሚዛን ጥሩ መሬት ማለት ጥሩ ሣር ያለው ሲሆን ቁጥቋጦ የመሬት መበላሸት ምልክት ነው። ፍየል ደግሞ መሬትን የምታራቁት ጠላት ተደርጋ ተቆጠረች። በ1930ዎቹ የአፈር መሸርሸር ስጋት በኬንያ መንግሥት ዘንድ ሲበረታ መፍትሔ ተብሎ የታሰበው የእንስሳቱን ቁጥር መቀነስ ነበር። በ1938 የማቻኮስ ካምባዎች ከብታቸው በግዳጅ መሸጥ ሲጀምር በሙይንዲ ምቢንጉ መሪነት ናይሮቢ ድረስ ሄደው ተቃወሙ፤ መንግሥትም ግዳጁን ለመተው ተገደደ። አርብቶ አደር ስለ መኖ አቤት ለማለት ወደ ናይሮቢ ሲሄድ የባሪንጎ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም ማለት ነው።

በታንዛኒያ ሺንያንጋ ክፍለ ሀገር ዘመቻው በቀጥታ በዛፉ ላይ ተነሣ። ምክንያቱ የቆላ ዝንብ ነበር። ዝንቡ በቁጥቋጦ ጥላ ስለሚራባና ከብት የሚፈጅ የገንዲ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሰፊ ጫካ ተመነጠረ። የዝንብ ምርምሩም ማዕከል እዚያው ሺንያንጋ ሆነ። በሽታው ቀነሰ፤ የጥጥ እርሻም ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ማንም ያላሰበው ነበር፤ ወደዚህም ኋላ እንመለሳለን።

ሣርን ብቻ የሚያየውን አመለካከት ከተገዳደሩት ሳይንሳዊ ሥራዎች አንዱ የተሠራው እዚሁ ናይሮቢ ነው። ጀርመናዊው የአካል ጥናት ምሁር ሪንሆልድ ሆፍማን የምሥራቅ አፍሪካን የዱርና የቤት አመንዣኪ እንስሳት ጨጓራ አንድ በአንድ ከፍቶ መረመረ። በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ እንስሳቱን በሦስት መደባቸው፤ ሣር በሎች፣ ቅጠል ለቃሚዎች፣ በሁለቱ መካከል ያሉ። ቀጭኔና ድክድክ ከቅጠል ለቃሚዎቹ፣ ከብት ከሣር በሎቹ ወገን ሆኑ። ፍየል መካከል ላይ ተመደበች፤ እንደ ወቅቱ ከሣር ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ሣር የምትሻገር ናትና። ባለሥልጣናቱ እንደ ጥፋት የቆጠሩት የፍየል ጠባይ ከአፈጣጠሯ የመጣ መሆኑ በዚህ ታወቀ። እስከዚያው ድረስ ነገሩ ሁሉ «ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ» ሆኖ ነበር።

የላቦራቶሪው ሚዛን

ቅጠል በቁጥር መለካት የጀመረው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ከአፍሪካም ርቆ ነው። በ1860ዎቹ በጀርመን ቬንደ በተባለ የምርምር ጣቢያ ሄኔበርግና ሽቶማን የተባሉ ኬሚስቶች መኖን በውኃ፣ በአመድ፣ በስብ፣ በፕሮቲንና በጭረት ከፋፍሎ የመመዘን ዘዴ አወጡ። በ1883 ደግሞ ዴንማርካዊው ዮሐን ኬልዳል በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ናይትሮጂንን የሚለካበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ኬልዳል ያሳሰበው የቢራ ገብስ ነበር። ነገር ግን የናይትሮጂኑ መጠን በ6.25 ሲባዛ የፕሮቲኑን ግምት ስለሚሰጥ ዘዴው ብዙም ሳይቆይ በዓለም ዙሪያ የመኖ መለኪያ ሆነ። ዛሬም የዋንዛ ቅጠል ከመቶ ይህን ያህል ፕሮቲን አለው ሲባል ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ይህ ስሌት ነው።

ለመሆኑ ፕሮቲን ለአመንዣኪ እንስሳ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ላም ጭዱን የምታፈጨው ብቻዋን አይደለችም። በትልቁ የጨጓራዋ ክፍል የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው ጭረቱን የሚያፈርሱላት። እነርሱ ደግሞ ለመራባት ናይትሮጂን ይፈልጋሉ። የመኖው ፕሮቲን ከመቶ ከ7 በታች ሲወርድ ይራባሉ፤ ጭዱ ሳይፈጭ በሆዷ ይከርማል፤ ላሟም ከፊቷ የተከመረውን እያየች መብላት ታቆማለች። ገበሬው «ጭድ ጠላች» የሚለው ይህን ነው። በዚህ ጊዜ ጥቂት እቅፍ ቅጠል ቢጨመርላት ተሕዋስያኑ ያገግማሉ፤ አልበላ ያለውም ጭድ ይበላል። የዛፍ ቅጠል ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በራሱ ከሚሰጠው ምግብ በላይ ሌላውን መኖ እንዲፈጭ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ የኬልዳል ሚዛን አንድ ጉድለት አለበት። ናይትሮጂን መኖሩን ይናገራል፤ እንስሳው ሊጠቀምበት መቻሉን ግን አይናገርም። ዛፍ ቅጠሉን ከበላተኛ የሚጠብቅበት ብልሃት አለውና። አንዱ እሾህ ሲሆን ሌላው ታኒን ነው፤ ቆዳ ፋቂዎች ከግራር ልጥ አውጥተው ቆዳ የሚያለፉበት ያው ቅመም። ታኒን በቅጠሉ ሲበዛ ፕሮቲኑን አስሮ ይይዘዋል፤ በልክ ሲሆን ግን ፕሮቲኑ በትልቁ ጨጓራ ሳይባክን ወደ አንጀት እንዲደርስ ይረዳል። ስለዚህ ሁለት ቅጠሎች በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ እኩል ሆነው በእንስሳው ሆድ ውስጥ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ወረቀቱን ያመነ ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል የሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ አሳይቷል።

ከባሕር ማዶ የመጡ ዛፎች

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሞቃታማው ዓለም ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ዛፍ ሉኪንያ ነው። አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ዋሃካ የተባለችው የሜክሲኮ ከተማና ግዛት ስሟን ያገኘችው በጥንቱ የአዝቴኮች ቋንቋ ከዚህ ዛፍ ነው። የስፔን መርከቦች ወደ ፊሊፒንስ አሻገሩት፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ሞቃት አገሮች ተሰራጨ። በ1977 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ስለዚህ ዛፍ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣ። በፍጥነት ያድጋል፣ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉ ከመቶ 25 ገደማ ፕሮቲን ይይዛል። በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም።

ነገር ግን በአውስትራሊያ ሉኪንያን አብዝተው የበሉ ከብቶች ጠጉራቸው ረገፈ፤ እንቅርት አበጡ፤ ከሱ። ጥፋተኛው በቅጠሉ ውስጥ ያለ ሚሞሲን የተባለ መርዝ ነበር። በሃዋይ የሚኖሩ ፍየሎች ግን ያንኑ ቅጠል ጠግበው እየበሉ ምንም አይሆኑም። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ሬይመንድ ጆንስ ልዩነቱ ከዛፉ ሳይሆን ከእንስሳቱ ሆድ እንደሚመጣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሳየ። በሃዋይ ፍየሎች ጨጓራ መርዙን የሚያፈርስ ባክቴሪያ ነበር። ከዚያ የተወሰደው የጨጓራ ፈሳሽ ወደ አውስትራሊያ ከብቶች ሲዛወር እነርሱም ከመርዙ ተረፉ፤ መከላከያው ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው እየተላለፈ መንጋውን አዳረሰ። ባክቴሪያው በ1992 ስም ሲወጣለት የጆንስ ስም ተሰጠው።

የአንድ ቅጠል ዋጋ የሚወሰነው በቅጠሉና ቅጠሉን ሲበላ በኖረው እንስሳ መካከል ባለው ትውውቅ መሆኑን ይህ ግኝት አስረዳ። ዛፉን ብቻ ነቅሎ ወደ ሌላ አገር መውሰድ ግማሹን ነገር ትቶ መሄድ ነው። በዚያው በ1992 ሉኪንያን የምትመጥ ሳይሊድ የተባለች ደቃቅ ነፍሳት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰች። እርሷም እንደ ዛፉ ከአሜሪካ ምድር የመጣች ናት፤ በሃዋይና በእስያ በኩል ስትጓዝ ቆይታ የገበሬዎችን አዲስ ተክል ቀንበጥ በቀንበጥ አደረቀችው። በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ የተጣለ ተስፋም አብሮ ተናጋ።

አዲስ አበባ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በ1974 በከተማዋ ተቋቋመ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ናይሮቢ ከነበረው የእንስሳት በሽታ ምርምር ላቦራቶሪ ጋር ተዋሕዶ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ሆነ። በአዲስ አበባው ግቢ የሚገኘው የመኖ ዕፅዋት ዘር ባንክ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። ለኢትዮጵያ ብርዳም ደጋ ከተሞከሩት ዛፎች መካከል ትሪ ሉሰርን ይጠቀሳል። አገሩ የካናሪ ደሴቶች ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የላ ፓልማው ሐኪም ቪክቶር ፔሬዝ ለመኖነቱ ተሟግቶ ለዓለም አስተዋወቀው። ውርጭ ስለሚችል ሉኪንያ በማይዝበት ከፍታ ይበቅላል፤ በኢትዮጵያም ዛሬ በደጋ ገበሬዎች ጓሮ ይታያል።

ሁሉም ሙከራ ግን እንዲህ አልሰመረም። ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ አንድ የግራር ዘመድ በ1990ዎቹ ለመንዝ በጎች ቀርቦ ነበር። በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ በጎቹ ግን በብዛት ሲሰጣቸው ሞቱ። ቅጠሉን በጥቂት በጥቂቱ የለመዱት ተረፉ። ከሃዋይ የተገኘው ትምህርት በኢትዮጵያ በጎች ሕይወት እንደገና ተከፈለበት።

የማተንጌ ፍርድ

በባሪንጎ የሆነው ከዚህ ሁሉ የከፋ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ድርቅ አገሩን ባራቆተበት ጊዜ፣ ደረቅ ምድርን ለማልበስና ማገዶ ለማስገኘት ሲባል ፕሮሶፒስ የተባለ ዛፍ በሐይቁ ዙሪያ ተተከለ። በኢትዮጵያም በዚያው ዘመን ገደማ በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ የእርሻ ልማት አካባቢ ገባ። በኬንያ «ማተንጌ» ይባላል፤ በአፋር በኩል «የወያኔ ዛፍ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ዛፉ ድርቅ አይፈራም፤ ጥላ አለው፤ ፍሬው ይጣፍጣል።

ችግሩም ከጣፋጭነቱ ይጀምራል። ቅጠሉን እንስሳት እምብዛም አይደፍሩትም፤ ፍሬውን ግን ይሻሙበታል። ፍየል ሌላ አጥታ ፍሬውን ለወራት ስትበላ ስኳሩ ጥርሷን ያበሰብሳል፤ ዘሩና ጭረቱ በድዷ ይወተፋል፤ በመጨረሻ ጥርሷ ይወልቃል። ጥርስ የሌላት ፍየል ደግሞ በሣር መካከል ቆማ በራብ ትሞታለች። በሌላ በኩል ጠንካራው ዘር በሆዷ ሳይፈጭ አልፎ ከፋንድያው ጋር በሄደችበት ሁሉ ይዘራል። በዚህ መንገድ ዛፉ በራሳቸው በእንስሳቱ ተሸካሚነት የእንስሳቱን ግጦሽ ወረሰ። የባሪንጎ ረግረግ ሣርና የአዋሽ ዳርቻ የበጋ መስክ በእሾህ ተዘጋ። አገር በቀል ግራሮችም በእርሱ ጥላ ሥር ማደግ አቃታቸው።

ኢልቻሙሶች ፍየሏን ወደ ናይሮቢ የወሰዱት ይህን በቃል አስረድተው ሰሚ ስላጡ ነው። የከፈቱት የፍየሏ አፍ ከየትኛውም ሰነድ ይልቅ ተናገረ፤ ጉዳዩም በጋዜጦች ተዛምቶ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። በ2008 የኬንያ መንግሥት ማተንጌን ጎጂ አረም ብሎ በይፋ አወጀው። ዛፉ ግን በአዋጅ አልጠፋም። ዛሬ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ከእርሱ ከሰል ያከስላሉ፤ ፍሬውንም ፈጭተው ከሌላ መኖ ጋር ይቀላቅላሉ። ሲፈጭ ዘሩ ስለሚሞት አይዛመትም፤ በልክ ሲደባለቅም ጥርስ አይጎዳም። በ1980ዎቹ ዛፉ ሲተከል ይህ ጥያቄ ቢነሣ ኖሮ የብዙ ፍየሎች ጥርስ በተረፈ ነበር።

ኤምቡና ሺንያንጋ

ይሁን እንጂ የመጣ ዛፍ ሁሉ ጠላት ነው ማለት አይደለም። በኬንያ ተራራ ሥር በምትገኘው ኤምቡ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኬንያ የእርሻና የደን ምርምር ተቋማት ከናይሮቢው ዓለም አቀፍ የጥምር ደን እርሻ ምርምር ማዕከል ጋር ሆነው ካሊያንድራ የተባለ ቁጥቋጦ በወተት ላም አርቢዎች ማሳ ላይ ሞከሩ። ይህም ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ልዩነቱ ከአሠራሩ ላይ ነበር። ሙከራው የተካሄደው በገበሬዎቹ ግቢ፣ በገበሬዎቹ ላሞች፣ በገበሬዎቹ ዳኝነት ነው። የሚተከልበት ቦታም ከሰብል መሬት ሳይነጠቅ ከእርከን ጠርዝና ከአጥር ሥር ተገኘ።

ውጤቱ በቀላል ስሌት ይገለጻል። 3 ኪሎ ያህል እርጥብ የካሊያንድራ ቅጠል ከ1 ኪሎ የፋብሪካ የወተት ላም መኖ ጋር የሚመጣጠን ወተት ይሰጣል። አንዲትን ላም በየቀኑ 6 ኪሎ ቅጠል እየሰጡ ዓመቱን ሙሉ ለመደጎም 500 ያህል ቁጥቋጦ ይበቃል። መኖ ለመግዛት ገንዘብ ላጠራት እማወራ ይህ ስሌት የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ማለት ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ በኬንያ፣ በዩጋንዳ፣ በሩዋንዳና በሰሜን ታንዛኒያ የመኖ ቁጥቋጦ የሚተክሉ ገበሬዎች ከ200 ሺህ በላይ ደርሰዋል። በዚያው በኤምቡ አካባቢ ገበሬዎች ሲጠየቁ ለመኖ የሚጠቀሙባቸውን ከመቶ በላይ አገር በቀል ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ዘርዝረዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በማንም ላቦራቶሪ አልተመዘኑም።

ሺንያንጋም መጨረሻው ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ። የቆላ ዝንብን ለማጥፋት ዛፉ ከተመነጠረ፣ የጥጥ እርሻም ከተስፋፋ በኋላ መሬቱ «የታንዛኒያ በረሃ» እስከ መባል ተራቆተ። በ1970ዎቹ ሕዝቡ በመንደር ምሥረታ ፖሊሲ ከየቦታው ተነሥቶ ሲሰበሰብ የሱኩማዎች ጥንታዊ ልማድ ተናጋ። ይህ ልማድ «ንጊቲሊ» ይባላል። ዝናብ ሲጀምር አንድ ቁራሽ መሬት ከነዛፉና ከነቁጥቋጦው ከከብት ይከለከላል፤ በጋው ሲከር ለጥጆች፣ ለታመሙና ለእርሻ በሬዎች ይከፈታል። በ1986 መንግሥት የአፈር ጥበቃ ፕሮግራም ሲጀምር በክፍለ ሀገሩ የቀረው ንጊቲሊ 600 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ ችግኝ ወደ መትከል አዘነበሉ። ኋላ ግን ሕዝቡ የሚያውቀውን ሥርዓት ማደስ እንደሚቀል ተረዱ፤ ከመሬቱ ሥር የቆየው ጉቶም ዕድል ሲያገኝ ራሱ አቆጠቆጠ። ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ንጊቲሊ ከ300 ሺህ ሄክታር በላይ ሸፈነ። የዛፍ ቅጠል፣ ማገዶ፣ ማርና መድኃኒት ወደ ሱኩማ ቤት ተመለሰ።

የሺንያንጋና የባሪንጎ ታሪኮች የተጀመሩት በተመሳሳይ ዘመን ነው። ሁለቱም የተራቆተ መሬት ነበራቸው፤ ሁለቱም የውጭ ድጋፍ አግኝተዋል። በአንደኛው ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ፤ በሁለተኛው ሰዎች የትኛው ዛፍ ለየትኛው ከብት በየትኛው ወር እንደሚሆን ተጠየቁ። ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም። ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ ኬንያን፣ ሶማሊያንና ደቡብ ኢትዮጵያን አምስት ዝናብ በተከታታይ ጥሏቸው ሚሊዮኖች እንስሳት ሲያልቁ በቦረናና በማርሳቢት የቆረቡ ከብቶች እየወደቁ ቅጠል ለቃሚዎቹ ግመልና ፍየል ከከብቱ ይልቅ ቆይተዋል። ብዙ ከብት አርቢዎችም ከዚያ ወዲህ ግመል መግዛትን መርጠዋል። ግመል ግን ቅጠል ይፈልጋል፤ ቅጠሉ ያለው ደግሞ ለከሰል በሚቆረጠው ግራር ላይ ነው።

አንድ ግራር ለከሰል ሲቆረጥ የሚገኘው ገንዘብ አንድ ጊዜ ይበላል። ያው ግራር ቆሞ ቢቀር በየበጋው ለፍየሎች የሚያራግፈውን ፍሬ የቱርካና ሽማግሌ በዓመት አስልቶ ይነግራል፤ ኤክዋር የተባለውን ሥርዓት ያቆመው ይህ ስሌት ነውና። ኬልዳል የፕሮቲኑን መጠን ሰጥቷል፤ ሆፍማን የጨጓራውን ቅርጽ፤ ጆንስ በሆድ ውስጥ የሚኖረውን ረዳት። ሦስቱም ያገኙት ነገር እረኛው ፍየሉን ተከትሎ ከሚያውቀው ጋር ሲገጥም በኤምቡ ወተት ሆኗል። እረኛው ሳይጠየቅ ሲቀር ግን ፍየሏ ራሷ ለምስክርነት ናይሮቢ ድረስ መሄድ ነበረባት።